ቡሬ የማን ነው?

ኅዳር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.
ዛሬም የፀደንያ እናት ሱቅ ጓዳ ውስጥ የተረት ጨዋታችንን ተጫወትን። ተራኪነት በየሁለት ወሩ ይዞራል፤ አሁን የኤርምያስ ተራ ነው። እሱ ታሪኩን ያወራል፣ እኔ፣ ወንድሜ ጉታና ፀደንያ ወረቀት ላይ የፈጠርነውን የየራሳችንን ሰው ይዘን፣ የሚሆነውን ለመወሰን ዳይስ እንጥላለን። የጉታ ሰው አዳኝ ነው። ቡሬ የሚባል ውሻ አለው። የወረቀት ውሻ... ግን ጉታ ሲያወራለት ጅራቱን የሚቆላ ይመስላል። ስንስቅ ዋልን።

ታኅሣሥ 4
ጉታን ፖሊሶች ወሰዱት። ከዓለም ገና ታክሲ መያዣ፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ይቅር ተብሎ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። አባባ በእግሩ ጣቢያ ሄዶ እዚህ የለም ተብሎ ተመለሰ።

ታኅሣሥ 12
አገኘነው። አምስት ደቂቃ፣ በአጥር ማዶ። ከንፈሩ አብጧል። እማዬ ስታለቅስ ሊያስቀን ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ "ቡሬን አደራ" አለኝ። እማዬ ቡሬ ማነው እያለች መንገዱን ሙሉ ጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 17
ኤርምያስ ቡሬን ገደለው።
በጨዋታው ወንዝ ስንሻገር። ውሻውን እኔ ልምራው፣ ጉታ አደራ ብሎኛል አልኩት። አይሆንም አለ። ተጫዋች ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ እንስሳ የተራኪው ነው... ይሄ ሕግ መቼ ወጣ? ጉታ እያለ አንስቶት አያውቅም። ዳይስ እንኳ አላስጣለኝም። ውሃው ወሰደው ብሎ ወረቀቱን ቀደደው። ለምን አልኩት።
"ባለቤቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅ። ውሻው ለምን ወደ ኋላ ይጎትተን?"
ፀደንያ አቀረቀረች። እኔም ዳይሱን ሰበሰብኩ። የተውኩት መስሎታል።

ታኅሣሥ 18
አልተውኩትም።

ጥር 6
ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ጉታ ግን አልተፈታም። እኔ ለኤርምያስ ሻይ እቀዳለሁ። በቀልዱ እስቃለሁ። በጨዋታው ስላለው ፈረሱ፣ ስለ ዳማ፣ እጠይቀዋለሁ። ተጫዋች ሲሆን የሚሳሳው ለእሱ ብቻ ነው።

ጥር 15
ተራኪነቱ ለእኔ ደረሰ። ዳማን እያሞገስኩ ሜዳውን ሙሉ አስጋለብኩት። ከዚያ ፈረሱ በራሱ ወደ ሽፍቶች ምሽግ በር ዞረ። ልጓሙን እስባለሁ አለ። አይሰማህም አልኩት። ዳይሱን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።
"ዳማ እንዲህ አያደርግም። አራት ወር ያሠለጠንኩት ፈረስ ነው።"
"እንስሳ የተራኪው ነው፣ ኤርምያስ።"
ፊቱ ቀላ። ሽፍቶቹ የኤርምያስን ሰው ገደሉት። ወረቀቱን እኔ ነኝ የቀደድኩት። ቀስ ብዬ። ሲወጣ፣ ጨዋታ እኮ ነው ዱርሲቱ አለኝ።
ከወር በኋላ ዛሬ እህል ጣመኝ።

የካቲት 3
ጉታ ተፈታ! ፀጉሩን ላጭተውታል። ከስቷል። ጎረቤቱ ሁሉ "አካም ጅርታ" እያለ ደህንነቱን ሊጠይቅ ሲገባ ዋለ። ሰው ሲቀንስ የቡሬን ነገር ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።
"አውቃለሁ። ኤርምያስ በገና ሰሞን እስር ቤት ዳቦ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ይቅርታ ጠየቀኝ። ስቄ ተውኩለት።"
በገና... እኔ ስለ ዳማ እየጠየቅኩት ሻይ ስቀዳለት። ኤርምያስ ለምን አልነገረኝም? ቢነግረኝስ እተው ነበር?
የዳማን ለጉታ አልነገርኩትም። ኤርምያስ ለምን አልመጣም አለኝ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩት። ኤርምያስ ግን ጠዋት ታክሲ መያዣው ላይ አይቶኝ መንገድ ተሻግሯል።