የተቆረጠው ሳቅ

ይድረስ ለልጄ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ተናድጄ ነው እንጂ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

እህትህ ፕሮዲዩሰር ሆና ቤታችን ያስቀረጸችውን ፊልም ለአከፋፋይ ሸጠችው። ሰውየው «ረዝሟል» ብሎ፣ ነፍሷን ይማርና እናትህ በር ላይ ቆማ የምትስቅበትን ቆርጦ ጣለው!

«ቁራጩን አምጪልኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ በውሉ የተቀረጸው ሁሉ የእሱ ነው። ቅጂም አላስቀረሁም።»

«ምን ዓይነት ነጋዴ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። አለቀሰች። ጸሎት ላይ ስቆም ግን ትዝ አለኝ፤ ገዢ ፍለጋ ስትንከራተት አይቼ «ፈርሚና ተገላገዪ» ያልኳት እኔው ነኝ።

ትናንት የእናትህ ሳቅ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም ብዬ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። በስልክ የላከችልህ ድምፅ ካለ እንዳታጠፋው። «በላህ ወይ» ያለችህም ቢሆን ላክልኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ።

አባትህ