ፎቅ የተሸከሙት የዕድር ብረቶች

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ጎረቤቴ ጋሼ ሸዋንግዛው ዛሬም አልተሻላቸውም። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል ተብሎ ሆስፒታል መመላለስ ከጀመሩ ቆዩ። እትዬ ወለተሰንበትም ባላቸውን ሲያስታምሙ እሳቸውም ከሱ። ልጃቸው ከሐዋሳ መጥታለች፣ ትንሹን ልጇን ይዛ። ሕፃኑ አያቱ አልጋ ላይ ወጥቶ ሲዘል ማንም አልከለከለው፤ ጋሼ እንደሆነ ደስ ብሏቸዋል። ሾርባ ወሰድኩላቸው። ትንሽ ቀመሱና "ጨው የት ሄዶ ነው?" አሉኝ። ሐኪም ከልክሏቸው! አፋቸው ግን አልታመመም።

ሌላ ምን ነበር... አዎ፣ የሰፈራችን ኮሌጅ ግንባታ። ጓሮው ላይ ለሴት ተማሪዎች ዶርም እየተሠራ ነው። የሚሠራው ግን ኮሌጁ አይደለም። ሀጂ በከር የሚባሉ ነጋዴ በራሳቸው ገንዘብ ገንብተው ለተማሪዎቹ ያከራያሉ፣ ከዓመታት በኋላ ለኮሌጁ ይለቃሉ አሉ። ደግ ነው። ልጆቹ ጌጃ ሰፈር ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚያድሩት።

የዕድራችን ዕቃ ቤት እዚያው ጓሮ ጥግ ላይ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ። ፎርማኑ ሂርጳ መጣና "እትዬ ወይንሀረግ፣ አሸዋ ልናራግፍ ነው። ዕቃውን ወደ ውስጥ ላስጠጋው፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አለ። ሰጠሁት። ጨዋ ልጅ ነው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ የአርማታ ማደባለቂያው ሲጮህ ዋለ። ከሰዓት እትዬ ወለተሰንበት መጡ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ" ብሏል።

እንደወጡ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ክፉ አስቤ አይደለም... የዕድር ዕቃ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ሲሰማ ማየት አለበት። ሸራው አለ። ድስቱ አለ፣ አግዳሚው አለ። የድንኳኑ ብረት የለም። አንድም!

"ሂርጳ! ብረቱስ?"

"የቱ ብረት እትዬ?"

"የድንኳኑ ነዋ!"

ቀስ ብሎ ዞረና ፎቁን አየ። እኔም አየሁ። ዛሬ ከተሞላው አርማታ ሥር፣ ከባህር ዛፉ መሀል፣ ጫፋቸው አረንጓዴ የተቀባ ብረቶች ጣሪያውን ደግፈው ቆመዋል። የእኛ!

"ባህር ዛፍ የጫነው መኪና ቀረብን... አሮጌ ቱቦ መስሎኝ..."

"አውጣው!"

"ካወጣሁት ጣሪያው እኔና እርስዎ ላይ ነው።"

"እስከ መቼ ነው?"

"እስኪጠነክር... ሰኔ ይገባል።"

ጋሼ እስከ ሰኔ... ምን ብዬ ልጸልይ? እነዚያን ብረቶች የበየዷቸው እኮ ራሳቸው ናቸው፤ አብነት ሰፈር ብየዳ ቤት ሳሉ፣ በነጻ። ዛሬ በኪራይ ድንኳን ሊለቀስላቸው? ቁልፉን የሰጠሁት ደግሞ እኔ። አይሆንም። እኔ እያለሁ አይሆንም።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ጠዋት ለዕድሩ ሊቀመንበር ራሴው ነገርኳቸው። "አንቺው እንዳበላሸሽው አንቺው አስተካክይ" አሉ። እሺ ብያለሁ።

ሀጂ በከርን ግንባታው በር ላይ ጠበቅኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

"የዕድር ብረት? ሂርጳ! አንተ ዕድር የለህም እንዴ?"

ሂርጳ አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ ደግሞ።

"እትዬ፣ እስኪወጣ ድረስ ክፉ ከመጣ ያማረ ድንኳን አስተክላለሁ። ወጪው በእኔ።"

"ያማረ አልፈልግም ሀጂ። የራሳቸውን ነው የምፈልገው። ደግሞስ ሲወጣ የት ይገባል? ዕቃ ቤታችንን ልታፈርሱት አይደል?"

ወደ ዕቃ ቤቱ አየት አድርገው ዓይናቸውን መለሱ። ሰፈር ሲወራ የሰማሁት እውነት ነው ማለት ነው!

"የእኛ ብረት ቤትዎን ተሸክሟል" አልኳቸው። "ቤትዎም የእኛን ዕቃ ይሸከም። ከታች አንድ ክፍል፣ በሩ ወደ መንገድ። ለቅሶ ሲመጣ ዘበኛ ስንለምን አንቆምም።"

ሳቁ። "መርካቶ ሱቅ አለዎት እንዴ?"

"የለኝም። ዕድር አለኝ።"

ለፎቶኮፒ ቤት ያሰቧትን የማዕዘን ክፍል ለእኛ አሉ። ሂርጳ ምስክር ሆነ፤ ምን ምርጫ አለው!

ግንቦት 18፣ ሰኞ

እትዬ ወለተሰንበት "ለታመመ ሰው የድንኳን ወሬ እንዳይነገር" ብለው ሁላችንንም አስጠንቅቀዋል። ለጋሼ ማን እንደነገራቸው እንጃ... ገና ስገባ፦

"አንቺ ወይንሀረግ፣ ብረቶቼ ፎቅ ተሸከሙ አሉ?"

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ! "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቁልፉን እኔ..."

"የምን ይቅርታ! በእኔ ብየዳ ፎቅ ቆመ በይ እንጂ!" ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ባለቤታቸው ውሃ ይዘው ሮጡ፣ እኔን በዓይናቸው ገረፉኝ። ጋሼ ግን አልጨረሱም። "ሳይወጣ አልሄድም። ጎብጦ እንደሆነ ማየት አለብኝ።"

ማታ ክትፎ አማራቸው አሉ። ክትፎ!

ሰኔ 8፣ እሑድ

ብረቶቹ ወጡ። ጋሼ በልጃቸው ተደግፈው መጡ! እኔው አግዳሚ አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። ሂርጳ እያንዳንዱን እያመጣ ጉልበታቸው ላይ አጋደመላቸው። ብየዳውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "ቀጥል" ይላሉ። አንዱ ጎብጧል።

"ይሄ የእኔ አይደለም። የተገዛው ነው፣ ጣለው።"

"እሺ አባባ።"

የእሳቸው ይሁን አይሁን ማን ያውቃል... ማንም አልተከራከረም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዝናብ። ክፍላችን ተለሰነች። በሯን አረንጓዴ አስቀባሁ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ተማሪዎቹ ገቡ። ፍራሽ፣ ሻንጣ፣ የሚያለቅሱ እናቶች። አንዷ እናት እጄን ይዛ "ልጄን አደራ" አለችኝ። እኔ የዶርሙ ሰው አይደለሁም... እሺ አልኳት።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሸዋንግዛው ዐረፉ። ድንኳኑ በራሳቸው ብረት ቆመ። ሂርጳ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ሲተክል ዋለ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬ አረንጓዴው በር ሰው አላጣም። ሀጂ በከር ብቅ ብለው "ጣሪያው አያፈስም አይደል?" ብለው ሄዱ። እትዬ ወለተሰንበት ጥቁራቸውን ለብሰው መጡና አግዳሚው ላይ አረፍ አሉ። "እዚህ ስቀመጥ ይቀለኛል" አሉኝ።

እንደተቀመጡ አንዲት ተማሪ ገባች። ሀዲያ ትባላለች፣ ከከሚሴ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች።

"ማዘር... ለቅሶውን ከመስኮት ስናይ ነበር። ሰው ሲገባ፣ ሲወጣ፣ አብሮ ሲያድር። እኛ እዚህ ዘመድ የለንም። ከቤት ክፉ ቢሰማ ከእኛ ጋር ማን ይቀመጣል? ተማሪ ዕድር መግባት ይችላል?"

ተማሪ ገብቶ አያውቅም። እትዬ ወለተሰንበት ቀደሙኝ።

"ምን ይከለክላታል? ሸዋንግዛው ቢኖር ዛሬውኑ አስገቧት ይል ነበር።"

"ድንኳን ሲተከል ግን አብረሽ ትለፊያለሽ" አልኳት። "ብረቱ ይከብዳል።"

"የቱ?" አለች። "ፎቃችንን የተሸከመው?"

እትዬ ወለተሰንበት ሳቁ። ጋሼ ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ዛሬ ገና መስማቴ።