ለቅሶ ላይ ሳለን ስላለፈን የመጨረሻ ክፍል

ይድረስ ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የመዝናኛ ዝግጅቶች ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ ይጽና፣ ቤትዎ ይባረክ፤ የሰፈርዎም መብራት እንደ እኛ አገር እንደ ዘመሮው መብራት፣ ደመና ባየ ቁጥር የሚጠፋ አይሁን። ትዕዛዙ ወልደ ጻድቅ እባላለሁ። ከበግ ጸጉር ባና፣ ያን የደጋ ብርድ ልብስ፣ የምሠራ ሸማኔ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና ብሳሳት በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ዐምና በአማርኛ ድምፅ ያቀረቡልንን፣ የዳቦ ጋጋሪዋንና የሐኪሙን የኮሪያ የፍቅር ድራማ ከባለቤቴ ከጌታነሽ ጋር አንድ ክፍል ሳያልፈን እንከታተል ነበር። እኔ ስሸምን እሷ ትፈትላለች። ዳቦ ጋጋሪዋና ሐኪሙ ፊት ለፊት የቆሙ እንደሆነ እንዝርቷ ቀጥ ይላል። ሐኪሙ በአንድ ጃንጥላ ተጠልሎ እንኳ የልጅቷን እጅ መያዝ ሲያቅተው፣ «አንተ ልፍስፍስ! ወይ ያዛት፣ ወይ ሽማግሌ ልከህ ገላግለን!» ትለው ነበር። በጾም ቀን ሥጋ ሲጠብሱ ደግሞ ፊቷን አዙራ «በልተው ሲጨርሱ ንገረኝ» ትለኛለች። ሐኪሙ ሊሰደድ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ፣ ልጅቷ አንድ ጫማዋ ወልቆ ስትሮጥ «ይቀጥላል» አላችሁን። ባለፈው ጥር፣ በዚያው ሳምንት፣ ጌታነሽ በሳንባ ምች ታማ ሐሙስ ዐረፈች።

ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የመጨረሻውን ክፍል ቅዳሜ፣ በሠልስቷ ዕለት፣ ያውም አንዴ ብቻ ስላሳዩ አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ የእኛው በነጠላ ተሸፍኖ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር። ጎረቤትም ለሐዘንተኛው ሲል የራሱን ያጠፋል። ያንን ድራማ የሚያይ የሰፈራችን ሰው በሙሉ እኔ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሰንበትበት ብዬ፣ እያፈርኩ፣ ጎረቤቴን እትዬ አማከለችን «ለመሆኑ ተገናኙ ወይ?» ብላቸው፣ «አዬ ትዕዛዙ! አንተን ጥዬ ማንን ልይ?» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ በሰፈራችን መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የመጀመሪያውን ክፍል ግን ጧት ጧት ደጋግማችሁ ስለምታሳዩን፣ እንዴት እንደተዋወቁ ጠንቅቀን እናውቃለን።

ሁለተኛ፦ ይደገምልን ብዬ ስደውል፣ ጸሐፊዎ «አባባ፣ ዩቲዩብ ላይ ይፈልጉት» ብላ በትሕትና ስላሰናበተችኝ። ልጄ ጽናት ፈልጋ አገኘችው፤ ግን በኮሪያኛ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን ስትከፍት የማናውቃት ሴት ተናገረች። ጽናትን «አጥፊው» አልኳት። «አባዬ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አንብቤ ልንገርህ?» አለችኝ፤ እሱንም እንቢ አልኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ከጌታነሽ መቃብር አጠገብ ተቀምጬ የሰፈሩን ወሬ እነግራታለሁ። እሷ በምታውቀው ድምፅ ሲነጋገሩ በጆሮዬ ያልሰማሁትን ምን ብዬ ልንገራት?

ሦስተኛ፦ በቦታው ስለተኩልን አዲስ ድራማ። የሀብታም ልጅ የቢሮውን ጸሐፊ እጇን ይዞ እየጎተተ ያዞራታል፤ እኛ ዘንድ እንዲያ የሚጎተተው ለገበያ የወጣ በግ ነው። ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት አንድ አባት አለ፤ በሁለተኛው ክፍል ላይ እየሳቀ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል ምን እንዳደረገ ብቻ ባሳያችሁን፣ በእጅጉ በጠቀመን ነበር።

ጽናት ሐዘኔን አይታ አኒሜ የሚሉትን የጃፓን ሥዕል ፊልም በስልኳ ታሳየኛለች። ዓይናቸው እንደ ሰሃን የሰፋ ልጆች፣ ከመማታታቸው በፊት የምቱን ስም ጮኸው ይናገራሉ። «ይሄ ተናግሮ እስኪጨርስ ያኛው ለምን አያቀምሰውም?» ብላት፣ «አባዬ፣ ዝም ብለህ እይ!» አለችኝ። ዝም ብዬ አየሁ። ልጁ ተሸንፎ ሊወድቅ ሲል የሞተች እናቱ ትዝ ትለውና ተነሥቶ ያሸንፋል። እኔ ጌታነሽ ትዝ ስትለኝ ቆሜም ከሆነ እቀመጣለሁ። ጽናትን ዞር ብዬ አላየኋት፤ እሷም አላየችኝ። ሁለታችንም ለጃፓኑ ልጅ ያለቀስን መስለን አለፍነው።

በጸሎት መሀል ድራማው ሐሳቤን ይወስድብኛል ብዬ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ቴዎፍሎስ ብናገር፣ «ልጄ፣ የወሰደህ እውነት ድራማው ነው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ራሴን እመረምራለሁ። ያ ክፍል ሳይታይ እስከቀረ ድረስ እኔና ጌታነሽ ገና እያየን ያለን ይመስለኝ ይሆናል። እንዝርቷ ግን ክሩን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። «የዚህን ክር ጫፍ የመጨረሻውን ክፍል እያየን እፈትለዋለሁ» ብላ ያቆየችው ነው። ክሩን ባናው ላይ ላስገባው ብዬ ስንት ጊዜ አንሥቼ መለስኩት።

ስለዚህ ያን አንድ ክፍል፣ በአማርኛው ድምፅ፣ ከሙት ዓመቷ በፊት አንዴ እንዲያሳዩን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን ክፍል መድገም ቀላል አይደለም።

የመጨረሻውን ሳያይ የቀረ፣ የጣቢያዎ የዘወትር ተመልካችና አክባሪዎ፣
ትዕዛዙ ወልደ ጻድቅ
ከዘመሮ

ማሳሰቢያ፦ በድራማዎቻችሁ ሁሉ «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ የተለያዩትም አዲስ ካፖርት ለብሰው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የእኔ አንድ ዓመት በጥር ይሞላል። ካፖርት የለኝም፤ ባናዬን ደርቤ ወደ መቃብሯ እሄዳለሁ። እስከዚያ ካላሳያችሁን፣ ለጌታነሽ «ተገናኝተዋል» ብዬ እነግራታለሁ፤ ውሸቱንም ለመምሬ ቴዎፍሎስ በእርስዎ ስም እናዘዘዋለሁ።