የንጉሥ ዕቁባት አፈር

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ዌስተን።

ከቻይና ያመጣሁት አፈር ጎድሏል። ለልብ ወለዴ ብዬ እዚያ ወደ አንዲት ዝነኛ የንጉሥ ዕቁባት መቃብር ሄጄ ነበር። ሴቶች ብንቀባው ፊታችን ያምራል እያሉ አፈሩን ሲዘግኑ ጊዜ መቃብሩ በጡብ እንደተሸፈነ አስጎብኚዋ ነገረችን። እኔም ከጡቡ ሥር ቆንጥሬ በላስቲክ ቋጥሬ መጣሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ አማቴ እማማ ዘነበች ያንን አፈር ግንባራቸውንም ጉልበታቸውንም ተቀብተው ሳሎን ቁጭ ብለዋል።

«ይሄን የመሰለ እምነት ትደብቀኛለህ? ጉልበቴን እኮ ለቀቀኝ! የየትኛው ገዳም ነው?»

«እማማ፣ የአንዲት ሴት መቃብር አፈር ነው።»

«ጻድቅ ነበረች?»

ዕቁባት የሚለውን ቃል ዘለልኩት። «ንጉሡ ራሱን እስኪስት ይወዳት ነበር። በኋላ ወታደሮቹ ካልሞተች አሉ፤ ታንቃ ተገደለች።»

እማማ አማተቡ። «ሰማዕት ናታ!»

ላስቲኩን ከፊታቸው አንስቼ ቋጠርኩት።

«ስካርቦሮ ለምትኖረው ጓደኛዬ ቆንጥሬ ልኬላታለሁ። እሁድ ለአባም እነግራቸዋለሁ። በዓሏ መቼ ነው?»

የፈጠርኳቸውን ሰዎች እንዲህ ያመነልኝ አንባቢ እስካሁን አላገኘሁም። እሁድ አባ ሲጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የእሳቸው ጉልበት ድኗል፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወረዱ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ፊቴን ብቀባ ምንም ለውጥ የለም።