በሦስት ኮፒ የሚሞላ ጭንቀት

ይድረስ ለተከበሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃችን የደንብ ልብሷን ባየች ቁጥር ከማስመለሷ በቀር፣ እጅግ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልዎት ለልጆቻችን አማካሪ ስለቀጠሩልን ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ነው።

አንደኛ፣ አማካሪዋ ሥራ እንዳይፈቱ ስላሰቡላቸው አመሰግናለሁ። ጠዋት ደወል ይደውላሉ፣ አርፋጅ ይመዘግባሉ፣ መምህር በቀረበት ክፍል እየገቡ ሂሳብ ያስተምራሉ። ቢሯቸውንም አይቼዋለሁ። የተሰባበሩ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተቆልለውበታል፤ ልጅ የሚቀመጥበት ግን አንድም የለም።

ሁለተኛ፣ የጨነቀው ልጅ አማካሪዋን ለማግኘት ቅጽ በሦስት ኮፒ ሞልቶ፣ በክፍል ኃላፊው መምህር አስፈርሞ፣ ለጽሕፈት ቤት እንዲያስገባ መደንገግዎ አስደንቆኛል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ደንበኛዬ ሁሉ ገና ፎጣውን ሳላስርለት የሆዱን ይዘረግፍልኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ፊርማ ስሰማ በመኖሬ አፍሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ልጄ ደንብዎን አክብራ «ሳነብ ስንተባተብ መምህሬ ልጆቹን ያስቁብኛል» ብላ ሞላች፤ ለማስፈረምም ወደ እኚሁ መምህር ወሰደችው። እሳቸውም ሳያንገራግሩ ፈረሙላት። ከመፈረማቸው በፊት ግን እንደ እሷ እየተንተባተቡ ለክፍሉ አነበቡት፤ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ በጸጥታዋም የተነሳ ሪፖርት ካርዷ ላይ በጠባይ «በጣም ጥሩ» ተብሎላታል። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያልቅብኝ ይቅር ይበሉኝ፤ አንጀቴ አሯል። አማካሪዋ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ማባዛት ያስተምሩ ነበር። ቅጹ የደረሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እንዳነበቡት ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥተው አለቀሱ። ሥራቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ደወሉን ለሌላ ሰው ሰጥተው እሳቸውን ለልጆቹ ይተዉልን።

ረጅም ዕድሜና የማያልቅ የፊርማ ቀለም እየተመኘሁ፣ ምላሽዎን እጄን አጣምሬ የምጠባበቅ፣
የዝምተኛዋ ልጅ አባት

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰርኩላት ምን እንደሚያስፈራት እንድትነግረኝ ለመንኳት። ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ላንተ ለመናገር ማንን ላስፈርም?» አለችኝ። እርስዎ ይንገሯት።