ስለ ትልቁ «እስማማለሁ» እና ስለ ትንሿ መዝጊያ

ይድረስ ለተከበሩ የዜና ድረ-ገጻችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛን ጤና እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ ስለ ጉልበት ሕመም አንድ ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ የቅባት ማስታወቂያ እየላኩ ሲጠይቁኝ ከርመዋልና። ከልጆቼ ይልቅ እርስዎ ጠይቀውኛል።

አባቴ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የእርስዎን ዜና በስልካቸው ሳያነቡ ከቤት አይወጡም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል፤ ባለፈው ሳምንት ወጥተው መመለሻው ጠፋቸው። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስንዞር አርፍደን፣ አንዲት ጎረቤት «ቤተሰቦቻቸው ያልታወቁ አዛውንት ተገኙ» የሚል ዜና በድረ-ገጽዎ ላይ ማየቷን ነገረችን። ያን ዕለት ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. አጭሩን ዜና በብዙ ገጽ ከፋፍለው ስላቀረቡልን እናመሰግናለን። ሌላ ቢሆን አዛውንቱ የለበሱትን ኮት በመጀመሪያው መስመር ነግሮን በተገላገልን ነበር። እርስዎ ግን «ቀጣይ» የሚለውን በተጫንን ቁጥር አዲስ ማስታወቂያ ጋበዙን። ኮቱ የተገለጸው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። የአባቴ ኮት አልነበረም።

፪. ለማስታወቂያው መዝጊያ ስላደረጓት ሰሊጥ የምታህል ምልክትም እናመሰግናለን። ወንድሜ ግንበኛ ነው፤ አውራ ጣቱ እሷን ከነአካባቢዋ ይሸፍናል። ሊዘጋ በሞከረ ቁጥር የቪላ ሽያጭ ተከፈተለት። ይኸው እስከ ዛሬ ደላሎች «ጌታዬ» እያሉ ይደውሉለታል። «ምነው አከራዬ እንዲህ ባከበረኝ» ይላል።

፫. አረንጓዴው «እስማማለሁ» እንደ ጋራዥ በር ሰፊ ነው፤ «አልስማማም» ግን ፈዞ ከገጽ ጀርባ ገጽ ተደብቋል። ያለንበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃዳችንን ሲጠይቁን፣ እኛ አባታችን የት እንዳሉ እየጠየቅን ነበር። ቸኩለናልና ተስማማን። አባቴም ቀደም ብለው ተስማምተው ኖሯል፤ ሰው ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም።

ሊመሽ ሲል የአንድ ፍራሽ መደብር ጥበቃ የአባቴ ስልክ ደጋግሞ ሲጠራ ሰምቶ አነሳልን። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ መደብሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ውለዋል። ለምን እንዳላነሱ ብንጠይቃቸው «ማስታወቂያ መስሎኝ» አሉን። አልፈረድንባቸውም። አሁን ደረታቸውን ይዟቸው ተኝተዋል።

ስልኩን ስቀበላቸው ድረ-ገጽዎ እንደተከፈተ ነበር። ማስታወቂያው የስልኩን መስኮት ሞልቶ «ፍራሽ ይፈልጋሉ? መደብራችን እርስዎ ካሉበት አጠገብ ነው» ይላል።

እኛ ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል ስናዳርስ፣ ሰውዬው የት እንዳሉ የሚያውቀው የእርስዎ ድረ-ገጽ ነበር። አውቆም ለፍራሽ ሻጩ ሠራለት። ለእኛ ግን ምንም አልነገረንም፤ እኛ አንባቢዎች እንጂ ደንበኞች አይደለንማ።

ትልቁን ቁልፍ ስቶ ከማያውቅ ጣት ጋር፣
ጉልበቱን የሚያመው፣ ቪላ ገዢ ወንድም ያለው፣ ፍራሽ የማያስፈልገው ታማኝ አንባቢዎ

ሳልረሳው፦ አባቴ ዳግም ከጠፉ ከተማ ለከተማ አልንከራተትም፤ በቀጥታ ለማስታወቂያ ክፍልዎ እደውላለሁ። ስልክ ቁጥሩን በድረ-ገጽዎ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁና ቢልኩልኝ። አድራሻዬን አልጽፍም፤ እርስዎ ዘንድ አለ።