ግድግዳው ሲንኳኳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዛሬም ግድግዳውን አንኳኳ። መለስኩለት። ከጎረቤቴ ከሰዓት ሠሪው ጋር ያለን ውል ነው። ሁለታችንም ብቻችንን... ጠዋት አንኳኩቶ መልስ ያጣ ሰው ሌላውን መጥቶ ያያል። "ሸትተን እንዳንገኝ ነው" ይላል ለሰው። ለሱ ይህችው ናት። ለኔ ግን... ሌላ ማን ይጠራኛል? ልጄ እንደሆነች አልፎ አልፎ ደውላ "መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" ብላ ትዘጋለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
የኮቱን ቁልፍ ሰፋሁለት። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።
"ግባ፣ አልበላህም" አልኩት።
"አንቺን ማን ያምናል? ምላስሽ ብቻ ሰው ይበላል።"
ሊገባ ነው ስል ሄደ። ኮቱ ሽቶ ሽቶ ይላል... ሰዓት ሠሪ ከሽቶ ምን አገናኘው? እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ነገ አልመልስለትም። ሲያንኳኳ ዝም። ደንግጦ ይመጣል... ያኔ እነግረዋለሁ። የመጣው ይምጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ጸጉሬን አበጥሬ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ተጋደምኩ። መቀርቀሪያውንም አነሳሁለት፣ በር ሲሰብር ትከሻውን እንዳያመው። አይ ሞኝነት።
አላንኳኳም።
ተኝቶ ነው አልኩ። ኋላ ፈራሁ። ሞቶስ እንደሆነ? ተነስቼ እኔው ግድግዳውን ደበደብኩት። ጭጭ። ሄጄ ባይ በሩ ከውጭ ተቆልፏል።
ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ሳቁን ሰማሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ክንዱን ይዛዋለች። ለካ እሷ ቤት ነው ያደረው። ውላችንንም ረስቶታል።
"ምነው ዘነጥሽ? የት ልትሄጂ ነው?"
"የትም" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዕቃውን እየሸከፈ ነው። እሷ ጋ ሊገባ።
"ለማንም ሳልነግር ላንቺ ነው የነገርኩሽ። እንደ እህቴ ነሽ" አለኝ።
እናቴ ወንድም አልወለደችልኝም ነበር፣ ይኸው በስተርጅና አገኘሁ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።
"ጠዋት ጠዋት ማን ያይሻል እንግዲህ?"
"አልሞትም፣ አትስጋ።"
ሳቀ። የምር ደህና የምሆን መስሎታል...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ሄደ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30
ግድግዳው ተንኳኳ። ከእንቅልፌ ብንን ብዬ በጡጫዬ መለስኩ። ሳላስበው... እጄ ነው የመለሰው።
ወዲያው ዝም አለ። አዲሱ ተከራይ መዶሻውን እንደያዘ በሬ ላይ መጣ።
"ይቅርታ እማማ፣ ረበሽኩዎት? ምስማር እየመታሁ ነበር። ጨርሻለሁ።"
"አልረበሽከኝም" አልኩት። "ሌላ የሚሰቀል ነገር የለህም?"